የጳጳሱ ግቢ ምስክር

ከለንደን ከተማ በር ወጥቶ የቴምዝን ወንዝ በግራው እያደረገ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው፣ ዛሬ ባለ ብዙ መስኮት የትልቅ ጌታ ቤት ያያል። መስተዋቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። እዚያ ቦታ ላይ ድሮ ምን ነበር ብሎ ቢጠይቅ ግን አላፊ አግዳሚው ትከሻውን ሰብቆ ያልፈዋል። ሁለት መቶ ሰባ ዓመት የቆመ የጳጳስ ግቢ በአንድ በጋ ፈርሶ፣ ያኔ የተወለዱ ልጆች ሳያድጉ ስሙ ጠፋ። ሰው እንዲህ ነው፤ ለማስታወስ ይለፋል፣ ለመርሳት ግን ምንም አይቸግረው።

ግቢው የምዕራቡ አገር ጳጳስ የከተማ ቤት ነበር። ንጉሡ ጉባኤ ሲጠራ ጳጳሱ በዓመት ሁለት ወር መጥቶ ይቀመጥበታል። ሲመጣ ስድሳ ፈረስ፣ ሦስት ወጥ ቤት ሙሉ ሰው፣ መዘምራኑና ውሾቹ አብረውት ይመጣሉ። ሲሄድ አዛዡ፣ አትክልተኛው፣ በረኛውና አይጦቹ ይቀራሉ። የመጀመሪያው ጳጳስ ድንጋዩን በጀልባ አስመጥቶ አዳራሽና ጸሎት ቤት፣ ወደ ወንዙ የሚወርድ ደረጃና ትልቅ የድንጋይ በር አሠራ። ከእሱ በኋላ የመጣው ማማ ጨመረበት። ጣሪያው አንድ ጊዜ ተቃጥሎ ሌላው ጳጳስ በእርሳስ ብረት አለበሰው። ሁሉም ስማቸውን በድንጋይ ላይ አስቀረጹ፤ ስሙ ለዘላለም እንደሚነበብ ያልተማመነ አንድም አልነበረም።

በስተምሥራቅ የግቢው ግንብና የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ይተያያሉ። በመካከላቸው ጠባብ ቁራጭ መሬት ነበረች፤ አጥቢያው ሙታኑን የሚቀብረው እዚያ ነው። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይህች ቁራጭ ናት።

አምብሮዝ ኬቸር የተወለደው በድንጋዩ በር ሥር ባለችው የበረኛ ክፍል ነው። አባቱ በረኛ፣ አያቱም በረኛ። ሰባት ዓመት ሲሞላው በምህላው ሰሞን ተራው ደረሰ። ያን ጊዜ ካርታ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ የአጥቢያ ወሰን የሚጻፈው በልጆች ጭንቅላት ላይ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ቄሱ መስቀል ይዞ፣ ሕዝቡ ተከትሎ ወሰኑን ይዞራል። በየወሰኑ ድንጋይ ሲደርሱ አንድ ልጅ ተይዞ ጭንቅላቱን ከድንጋዩ ጋር ያጋጩታል፤ ሲያለቅስ ዘቢብ የገባበት ዳቦ ይሰጡታል። እንዲህ ያመመው ልጅ ቦታውን ቢያረጅም አይረሳውም። ክርክር የተነሣ ዕለት ሽማግሌ ሆኖ ይመጣና «እኔን ያጋጩኝ እዚህ ጋ ነው» ይላል። ዳኛው ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አይፈልግም።

የአምብሮዝን ጭንቅላት ያጋጩት ከጳጳሱ ግንብ ሥር ከነበረው ድንጋይ ጋር ነው። ቁራጯ መሬት በሙሉ የአጥቢያው ናት ማለት ነው።

«የት ነህ ልጄ?» አለው ቄሱ አንገቱን ይዞ።

«ግንቡ ሥር።»

«የማን ግንብ?»

«የጳጳሱ።»

ያን ጊዜ ከድንጋዩ ጋር አጋጨው። ደሙ በቅንድቡ ላይ ወረደ፣ ዳቦውንም እያለቀሰ በላው። ከእሱ ጋር ስድስት ልጆች ነበሩ፤ እነሱን በሌላ በሌላ ድንጋይ አጋጯቸው።

ሃያ አምስት ዓመት አለፈ። አምብሮዝ የአባቱን ቁልፍ ወርሶ በረኛ ሆነ፤ ኢሶት የምትባል የልብስ አጣቢ ልጅ አገባ። ሳቂታና ቁጡ ነበረች፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚመጣባት ዓይነት። ያኔ አዲስ ጳጳስ ተሾመ፤ አትክልት ወዳድ ነው። መስኮቱን ከፍቶ ቁራጯን መሬት አያትና ግንቤን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ብገፋው ምን ያምር ነበር አለ። ጳጳስ ምን ያምር ነበር ካለ ትእዛዝ ነው። አጥቢያው «ሙታኖቻችን ያሉበት ነው» ብሎ ጮኸ፣ ነገሩም ወደ ዳኛ ሄደ።

የግቢው አዛዥ ደንስታን ፌን የሚባል ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ለስላሳ ሰው ነበር። ከለስላሳ ሰው እግዜር ይጠብቅ። አንድ ቀን ወደ በሩ ወርዶ ከአምብሮዝ ጎን ቆመ።

«ግንቡ ጋ የተጋጨኸው አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ።»

«የት ጋ?»

«እዚህ፣ ግንባችን ሥር።»

«ልጅ ነበርክ። እያለቀስክ ነበር። ዓይኑ እንባ የሞላ ልጅ ግንብና ግንብ ይለያል? የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳስ ግንብ አይደለም?»

«ድንጋዩ እኮ ጌታዬ፣ አሁንም...»

«ድንጋዩ ትናንት ተነሥቷል» አለ ፌን ጓንቱን እያስተካከለ። «አትክልተኛው ሲቆፍር ነቀለው። የት እንደነበር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። አብረውህ ከነበሩት ማን ቀረ?»

ማንም አልቀረም። ሦስቱን ሰውን በአንድ ቀን አልቦ የሚገድለው የላብ በሽታ በአንድ ክረምት ወሰዳቸው፣ አንዱን ባሕር በላው፣ ሁለቱ ዱካቸው ጠፋ።

«ኢሶት መቼ ነው የምትወልደው?» ሲል ጠየቀው ፌን።

አምብሮዝ የጥያቄው ትርጉም ገባው። ፌን ቀጠለ፣ የበረኛዋ ክፍል ለእሱና ለሚስቱ እስከ ዕድሜ ልካቸው ትሁን፣ ከወጥ ቤቱም ዳቦ፣ ጠላና ዓሣ በየቀኑ ይውጣላቸው፣ ይህ ሁሉ በጳጳሱ ማኅተም ይጸናል አለው። ካልሆነ ግን በረኛ መሆን የሚፈልግ ሰው በከተማው ሞልቷል።

አምብሮዝ ወንጌል ላይ እጁን ጫነና ጭንቅላቴን ያጋጩኝ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ነው ብሎ ማለ። መጻፍ ስለማይችል በብራናው ላይ ቁልፍ ሣለ፣ ይህች ምልክቱ ነበረች። የአጥቢያው ሰዎች እሱ ሲወጣ መንገድ ለቀቁለት፣ ለለምጻም እንደሚለቀቀው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የአምብሮዝ ስንቅ በየቀኑ በትኩሱ ከወጥ ቤት ስለሚመጣ የመቅለል ዕድል አላገኘም፤ ውሸቱም እንደዚያው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ጳጳሱ ሙታኑን አልነካም። ግንቡን ገፍቶ ሣር ዘራበት፣ ጽጌረዳ ተከለበት፣ ከሣሩ በታች ያሉት ባሉበት አረፉ። ኢሶት ሴት ልጅ ወለደች፤ ሲሲሊ ተባለች። ስድስት ዓመት ከሰባት ወር ኖረች። የላብ በሽታው እንደገና በገባበት ሐምሌ ጠዋት ከወንዙ ደረጃ ላይ ስትጫወት ነበር፣ ማታ አለፈች።

አምብሮዝ ወደ አጥቢያው ሹም ሄዶ ለልጁ መቃብር ለመነ። ሹሙ፣ በኋላ ሹመቱን የሚወርሰው የዳቦ ጋጋሪው የባርናቢ ሆክ አባት ነበር። ከደጁ ሳይነሣ «የእኛ መቃብር ጠቦናል፣ ምስክር ሰጥተህ ነው ያጠበብከው» አለው። «ጌታህ የአትክልት ቦታ አለው አይደል? እዚያ ቅበራት።»

ፌን ፈቀደ። ሲሲሊ በሣሩ ሥር ተቀበረች፣ ከክፍላቸው ደጃፍ ዘጠኝ እርምጃ፣ ከአዲሱ ግንብ አራት እርምጃ። አባቷ የእንጨት መስቀል ሠራላት። ኢሶት ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልብሷን ካሰጣች በኋላ እዚያ ሄዳ ትቀመጣለች። አትጸልይም፣ አታለቅስም፤ አተር ትፈለፍላለች ወይ ካልሲ ትጠግናለች። ስለ መሐላው እውነቱን አታውቅም። ገበያ ላይ «የሐሰተኛ ሚስት» ያለቻትን ሴት በቅርጫት መታታ ተከሳ ነበር። የባርናቢን እናት እስክትሞት ድረስ አላናገረቻትም። «የኔ ባል ወንጌል ይዞ አይዋሽም» ትላለች፣ አምብሮዝም ከአጠገቧ ቆሞ ይሰማል። በዚያ ሰዓት ምን ያህል ራሱን እንደጠላ ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ምግቡን ግን በልቶ ነበር የሚያድረው።

ዘመን ተገለበጠ። ንጉሡ ከሮማው ሊቀ ጳጳስ ጋር ተጣላ፣ ገዳማቱ ተዘጉ፣ ምስሎች ተሰባበሩ። የአዲሱ ሥርዓት ሰዎች መጥተው በአትክልት ቦታው ያሉትን የእንጨት መስቀሎች ጣዖት ናቸው ብለው ነቃቀሏቸው፣ የሲሲሊንም ጨምረው። ኢሶት ዘጠኝና አራት እርምጃዋን ስለምታውቅ ብዙም አልተናገረች። ንጉሡ ሞቶ ልጁ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት የምዕራቡ ጳጳስ ግቢውን ለአንድ ታላቅ ጌታ «ሰጠ» ተባለ። አሰጣጡ እንዴት እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል። ጌታው ደግሞ የጳጳስ አሮጌ አዳራሽ ምን ያደርግለታል? በአዲስ ስልት የተሠራ ቤት ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ሁሉም ይፍረስ አለ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። መጀመሪያ እርሳሱ ከጣሪያው ተገፎ ሄደ፣ ቀጥሎ መስተዋቱ፣ ቀጥሎ የአዳራሹ ምሰሶዎች። የጎረቤቱ ሰው በባሬላና በከረጢት ድንጋይ ይጭን ነበር፤ የጳጳሳት ስም የተቀረጸባቸው ድንጋዮች የአሳማ ቤት ግድግዳ ሆኑ። ከዚያ አንድ ወሬ ተሰማ፣ የአዲሱ ቤት ወጥ ቤት መሠረቱ በአትክልቱ ቦታ ላይ ይቆፈራል፣ የሚወጣውም አጥንት በጋሪ ተጭኖ ከከተማው በስተሰሜን ባለው ረግረግ ሜዳ ይደፋል።

ባርናቢ ሆክ የአባቱን ሹመት ወርሷል። ክንዱ ላይ ዱቄት እንዳለ መጥቶ የበረኛውን ክፍል አንኳኳ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤተሰብ ሰው ያችን በር አንኳኩቶ አያውቅም።

«አያ አምብሮዝ፣ ዕድሜህ ስንት ሆነ?»

«ምን ልታደርግለት? ልትጨምርልኝ ነው?»

«አባቴ አንተን ሳይረግም ራት በልቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ጠገበ?»

ባርናቢ ሳይፈልግ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «አያቴ እዚያ ነው ያለው። ልጅህም እዚያ ናት።»

«እዚያ ያስገባት የአባትህ ቃል ነው።»

«አውቃለሁ። በሩን ያንኳኳሁት እንጂ ያልሰበርኩት ለዚህ ነው።» ዱቄቱን ከጣቶቹ አራገፈ። «ነገ ዳኛ ይቀመጣል። ቁራጯ የአጥቢያው መቃብር መሆኗ ከተመሰከረ ጌታው ሊቆፍራት አይችልም፤ መቃብራችን ከግቢው ጋር አልተሰጠም። የተጋጨ ሰው ግን ያስፈልገናል። በሕይወት ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። እውነቱ የት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ አንተም ታውቃለህ።»

አምብሮዝ ደስ አለው። እንግዳ ነገር ነው፣ ግን ደስ አለው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እየተባለ ሲነገር ሰምቶ ነበር፤ የእሱም ንጋት ዘግይቶ መጣ አለ በልቡ። ጭንቅላቱ ላይ የተጻፈው አልጠፋም፤ እዚያው ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ሆኖ አለ። አሁን መናገር ብቻ ነው የቀረው። ከሰው አፍ እንዳትሰማው ግን መጀመሪያ ለኢሶት መንገር አለበት።

ኢሶት አተር እየፈለፈለች ነበር።

«ኢሶት፣ ያኔ የማልኩት መሐላ...»

«የቱ?»

«የወሰኑ። ሐሰት ነው።»

አተሩን መፈልፈሏን አላቆመችም። «ስንት ዓመት ሆነው?»

«ሠላሳ ሰባት።»

«ሠላሳ ሰባት ዓመት ስላንተ ተጣላሁ።» ድምፅዋ አልጮኸም። «የባርናቢ እናት ስትሞት ቀብሯ ላይ አልሄድኩም። ልጄን በሆዴ ይዤ ነው የማልከው።»

«አዎ።»

«እኔ ስጣላልህ አንተ ዳቦህን ትበላ ነበር።»

ሌላ የአተር ቅርፊት አንሥታ «ይቀጡሃል?» አለችው።

«ይቀጡኝ ይሆናል። ገበያ ላይ አንገቴን በእንጨት ቀርቅረው ጆሮዬን ይቆርጡ ይሆናል።»

«ጆሮህ ምን ይሠራልሃል፣ ድሮም አትሰማ።» የመጨረሻውን ቅርፊት ወርውራ ተነሣች። «የኔና ያንተ ነገር ሌላ ነው፤ በኋላ እንነጋገርበታለን። ልጄ ከዚያ አትነሣ። ሂድና ተናገር።»

ዳኛው የተቀመጠው ጣሪያ በሌለው በጳጳሱ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እርግቦች ከላይ ይዞራሉ፣ ከውጭ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። የአጥቢያው ሰው በሙሉ መጥቷል። በጌታው በኩል ዌልቢ የሚባል ወጣት ነገረ ፈጅ ቆሟል፤ እጁ ንጹሕ፣ ፊቱ ንጹሕ፣ አጠገቡ አንድ ጥቅል ብራና።

አምብሮዝ ተነሥቶ ሁሉንም ተናገረ። ስለ ምህላው፣ ስለ ቄሱ፣ አንገቱን ስለያዘው እጅ፣ ስለ ድንጋዩ። «ግንቡ ሥር ነው ጌታዬ፤ ያኔ ከነበረው ከአሮጌው ግንብ ሥር። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከዚያ የአጥቢያው ነው» አለ። ጠባሳውን አሳየ። ሕዝቡ አጉረመረመ፣ አንዲት ሴት አለቀሰች። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ ጎረቤቶቹ ዓይኑን ሲያዩት ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ወገቡ ቀና አለ።

ዌልቢ ብራናውን ቀስ ብሎ ዘረጋው።

«ይህ ምልክት የማን ነው አባባ?»

አምብሮዝ ቁልፉን አየው። «የኔ ነው።»

«ያኔ ወንጌል ይዘው የማሉት ወሰኑ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ነው ብለው ነው?»

«አዎ። ሐሰት ነበር።»

«እያወቁ?»

«እያወቅሁ። ለእንጀራዬ ስል።»

«ስለ እውነተኛነትዎ አመሰግናለሁ» አለ ዌልቢ፣ በእውነትም የሚያመሰግን ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረ። «ጌታዬ፣ የቆየ የሕግ ቃል አለ፤ የገዛ ነውሩን የሚናገር አይደመጥም ይላል። ይህ ሰው ወንጌል ይዞ መዋሸቱን በገዛ አፉ ተናገረ። በሐሰት የማለ ሰው ደግሞ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ የዛሬው ቃሉ የለም። የቀረን ነውሩ ሳይታወቅ፣ በመልካም ስሙ ዘመን የሰጠው ቃል ብቻ ነው። እሱም እነሆ በብራና ላይ አለ።»

ዳኛው ብራናውን ተቀብሎ አነበበው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ ነው የሚያናድደው። ሌላ የተጋጨ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የለም። የአጥቢያው መዝገብ አለ ወይ? የአጥቢያው መዝገብ ያው ይህ ሽማግሌ ነበር።

«እንግዲህ ቅጡኝ» አለ አምብሮዝ። «ሐሰተኛ ከሆንኩ ቅጡኝ። ጆሮዬ ይኸው። ከተቀጣሁ በኋላ እንኳ ትሰሙኝ ይሆናል።»

«ዕድሜህን አይተን ምረንሃል» አለ ዳኛው። «ወደ ቤትህ ሂድ።»

ከቅጣት ሁሉ ይህ ምሕረት ከፋበት። ሲወጣ ባርናቢ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አልሰደበውም። «ሠላሳ ሰባት ዓመት ቀድመህ ብትናገር ኖሮ» ብሎ ብቻ ወደ ምድጃው ሄደ። እንጨት ሆኖ የማይጨስ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም ብለው የሚያጽናኑ ሰዎች አሉ። እውነት ነው፤ ግን እንጨቱ የሚጨሰው አንድ ቀን ነው።

በሳምንቱ የበረኛዋን ክፍል አፈረሱ፤ በጳጳሱ ማኅተም የጸናው ቃል የጸናው ጳጳሱ እስካለ ነበር። ባልና ሚስቱ በወንዙ ዳር የአንድ ጀልባ ቀዛፊ ጓዳ ውስጥ ተጠጉ። ኢሶት አሥራ ሁለት ቀን በትኩሳት ተኛች። እሷ በተኛችበት፣ አምብሮዝም ከአልጋዋ ባልተለየበት ሰሞን የድንጋዩ በር ወደቀ፣ ግንቡም ወደ አትክልቱ ቦታ ተገፍቶ ሣሩ ላይ ተናደ። ፍርስራሹን በጋሪ ሲያወጡ የሰውና የፈረስ እግር መሬቱን አቦካው።

አጥንቱ ሊወጣ በተጀመረበት ጠዋት ተያይዘው ሄዱ። የቆፋሪዎቹ አለቃ የሰው ልብ ያለው ሰው ነበር፤ የራሱን ሙት ለይቶ ማሳየት የሚችል ሰው ከጋሪው በፊት ይውሰድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ጥግ ይቅበር ብሎ ነበር። የድንጋይ ሰሌዳ የነበራቸው ጥቂቶች የራሳቸውን አነሡ። ባርናቢም አያቱን በከረጢት ተሸክሞ ሄደ።

«የእናንተስ የት ነው እናቴ?» አላት አለቃው።

«ከደጃፋችን ዘጠኝ እርምጃ፣ ከግንቡ አራት» አለች ኢሶት፣ ወዲያው ከአፏ ወጣ።

«የቱ ደጃፍ?»

ኢሶት ዞር ብላ አየች። ደጃፍ የለም። በር የለም። ግንብ የለም። ከወንዙ እስከ መንገዱ ድረስ ጭቃ ብቻ ነበር፣ በጭቃው መሐል የተወጠሩ አዲስ የመሠረት ገመዶች። አንድ ቦታ ላይ ቆማ መቁጠር ጀመረች፣ አምስተኛው ላይ ቆመች፣ ተመልሳ ከሌላ ቦታ ጀመረች። ከዚያ ወደ ባልዋ ዞረች።

«አንተ የበሩን ቦታ ታውቀዋለህ። ተወልደህበታል።»

አምብሮዝ የቤተ ክርስቲያኑን ማማ አየ፣ ወንዙን አየ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድበት ግቢ ነበር፤ አሁን ግን አንዴ ወደዚህ ይመስለዋል፣ አንዴ ወደዚያ። በዱላው አንድ ቦታ ነካ።

«እዚህ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?»

«እዚህ ነው።»

ኢሶት ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ።

«ማል» አለችው።

ቢምል ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር? የማንም ትሁን የማን፣ አንዲት ትንሽ አጥንት ከዚያ ትወጣ ነበር፤ ኢሶት በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ትቀብራት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የምትቀመጥበት ቦታ ይኖራት ነበር። አምብሮዝ ይህን ሁሉ አሰበ። ለእሷ ሲል ሊያደርገው ምንም አልቀረውም።

«አልምልም» አላት። «አላውቀውም ኢሶት። ልጃችን የት እንደሆነች አላውቅም።»

ኢሶት ራሷን ነቀነቀች፣ ወደ አንድ የፈረሰ ድንጋይ ሄዳም ተቀመጠች። አለቃው ወደ ቆፋሪዎቹ ዞሮ «በሉ ቀጥሉ» አለ።

የመጀመሪያው ጋሪ ረፋዱ ላይ ተነሣ። ኢሶት ብድግ ብላ ከኋላው መራመድ ጀመረች፤ አምብሮዝም ተከተላት። ሜዳው ድረስ ሄዱ፣ ሲደፋ ቆመው አዩ፣ የቻሉትን ጸሎት አደረሱ፣ ተመለሱ። ሁለተኛው ጋሪ ሲነሣም ከኋላው ሄዱ። እንዲህ ሆነው አራት ቀን ከረሙ። በአምስተኛው ቀን የኢሶት እግር አልታዘዝ አለ፤ በጓዳው ደጃፍ ተቀምጣ «አንተ ሂድ፣ አንዱንም እንዳታሳልፍ» አለችው። ስለ መሐላው በኋላ እንነጋገርበታለን ያለችውን ነገር ግን አላነሣችውም፤ እሱም አልጠየቀም። ብቻውን ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለስ ጀመር።

በስምንተኛው ቀን አንዱ ጋሪ ነጂ ወደ ኋላ ዞሮ አየው።

«አባባ፣ ትናንትም ነበሩ፣ ከትናንት ወዲያም ነበሩ። ስንት ዘመድ ነው ያለዎት?»

«አንዲት ልጅ ናት።»

«ታዲያ ስንቴ ነው የሚቀብሯት?»

«በየትኛው ጋሪ እንዳለች አላውቅም» አለው አምብሮዝ።

ነጂው ወደ ፊቱ ዞረ። ከዚያ ወዲያ ግን ፈረሱን ሽማግሌው በሚደርስበት እርምጃ ይነዳው ነበር።